ቀስ ብላችሁ ንገሯት

ክፉ ወሬ ማለዳ ይወዳል። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ባለ ሐዘኑ ፊቱን ሳይታጠብ፣ እህል ሳይቀምስ ነው። ደግ ወሬ ግን ሰነፍ ነው፤ ረፋዱ ላይ፣ አንዳንዴም ከምሳ በኋላ እያዛጋ ይመጣል። ስለዚህ እኔ ጠዋት በር ሲንኳኳ አልወድም። ወተት የምታመጣልኝን ሴትዮ እንኳ ፀሐይ ሳይሞቅ በሬን እንዳትነካ ለምኛታለሁ። «ወተቱ ይበላሻል እኮ» ብትለኝ፣ «ይበላሽ፣ እኔ ከምበላሽ» አልኳት።

ፈሪ መሆኔን ከአሁኑ ልናገር። ገርጂ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እናንተም እወቁት። ሳልፈራ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ምድጃውን አጥፍቼ ወጥቼ፣ መገናኛ ከታክሲ ስወርድ «አጠፋሁት ወይስ አላጠፋሁትም?» ብዬ በመጣሁበት ታክሲ የተመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። «አንቺ ሹፌር ብትሆኚ ኖሮ መኪናው ከጋራዥ አይወጣም ነበር» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን አይገለበጥም ነበር። እሱ ሁለት ጊዜ ገልብጧል።

ልጃችን አንድ ናት፤ ሂሩት ትባላለች። ሕግ የተማረችው በእኔ ምክንያት ይመስለኛል። ከእኔ ጋር ያደገ ልጅ «ምንም አይሆንም» ብሎ ሲከራከር ነው የሚውለው፤ እሷም ልማዱን ሥራ አደረገችው። እዚህ ዩኒቨርሲቲውን ጨርሳ ጥቂት እንደሠራች፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ለተጨማሪ ትምህርት ሆላንድ የሚባል አገር ዕድል አገኘች። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ሆላንድ አልደረስንም ነበር። ሰፈሩን ብጠይቅ ሁሉም የሚያውቀው ላሟን ነው። «ብዙ ትታለባለች» አሉኝ። ስለ አገሩ ነው የጠየቅኋችሁ ብል ማንም የሚጨምረው ነገር አልነበረውም።

ነገሩን ያባሰው ባለቤቴ ነው። በወደብ መንገድ ሲመላለስ ከመርከበኞች የሰማውን ይዞ መጥቶ አገሩ ከባሕር በታች ነው አለኝ።

«በታች ማለት?»

«ባሕሩ ከላይ፣ ሰዎቹ ከታች። መሐሉ ላይ ግድብ አለ።»

«ግድቡን ማን ይጠብቀዋል?»

«ዘበኛ ይኖረዋል» አለኝ።

እኔ የሰፈራችንን ዘበኞች አውቃቸዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገርጂ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር የማስበው ስለ ሆላንድ ሆነ። ሂሩት በስልክ «እማዬ፣ እዚህ ሰው በሰላም ነው የሚኖረው» ስትለኝ «ይኑራ፣ አንቺ ግን ፎቅ ላይ ተከራዪ» እላታለሁ።

እኛ ሰፈር ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ሰማዩ ጎረቤታችን ነው። አውሮፕላን ሲያልፍ ቆርቆሮው ይርገበገባል፣ ቁምሳጥን ውስጥ ያሉ ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ሂሩት ከሄደች ወዲህ የሚያርፈውንና የሚነሣውን በድምፁ ብቻ እለያለሁ። የሚያርፍ ሲሆን ከማጀት ወጥቼ አየዋለሁ። የሚነሣ ሲሆን ሽንኩርቴን እከትፋለሁ።

ትምህርቱ ሲያልቅ እመጣለሁ ብላ ነበር የሄደችው። ማለቂያው ሲቃረብ መሰናዳት ጀመርኩ፤ ግን በምስጢር። የሚመጣ ልጅ አለኝ ብሎ ማውራት የሰው ዓይን መጥራት ነው። የጓሮዋን ክፍል ኖራ አስቀባሁ፤ ለጎረቤት አይጥ አስቸግሮኝ ነው አልኩ። አዲስ ፍራሽ ገዛሁ፤ ወገቤን አሞኝ ነው አልኩ። ከዚያ ደፈርኩና መገናኛ ታፔላ ከሚጽፍ ሰው ዘንድ ሄድኩ። በአረንጓዴ መደብ ላይ በነጭ ቀለም የሂሩት ስም እስከ አባቷ፣ ከሥሩ «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» አስጻፍኩ። ከጣውላ ነው ያሠራሁት፤ ቆርቆሮ ነፋስ ይወስደዋል ብዬ ነው። በነጠላዬ ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው አጠገቤ ያለው ሰውዬ መስተዋት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ሰውየው እስክንወርድ ድረስ ትንፋሹን እንኳ በጥንቃቄ ነበር የሚያወጣው። ታፔላውን አልጋ ሥር ከተትኩት። ባለቤቴም አላወቀ። አንዳንድ ቀን እሱ ሲወጣ በር ዘግቼ ጎንበስ እልና አየዋለሁ።

ስልክ ያለው ጋሽ ሰይድ ሱቅ ነው። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው እዚህ ሱቅ ከከፈቱ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ የሰፈሩን ምስጢር ሁሉ በስልካቸው ምክንያት ያውቃሉ፣ ስኳር እየመዘኑ ያልሰሙ ይመስላሉ። ሂሩት የምትደውለው እሁድ እሁድ ነው። አንድ እሁድ እኔ ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። የሄድኩትም ልጄን በሰላም ብትመልሺልኝ ብዬ ስለት ልሳል ነው። ስመለስ ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ቀለም ይቀባል።

ደወለች ወይ አልኩት። ደውላለች፣ ደኅና ናት አለኝ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም። በትዳር ዘመናችን ጫማ ሲቀባ አይቼው አላውቅም። እኔ በየቀኑ የምጠረጥር ሴት፣ ያን ቀን ብቻ ጥርጣሬዬ ጥሎኝ ጠፋ። ስለት ተስዬ መምጣቴ ነዋ፤ ልቤ ደፍሮ ነበር። ድፍረት ለማያውቅበት ሰው መጥፎ ነገር ነው።

የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ሂሩት ተመርቃ እዚያው ሥራ አግኝታለች፣ እዚያው ልትቀር ነው። ይህን ለአባቷ ነገረችውና «እማዬን አደራ፣ ቀስ ብለህ ንገርልኝ» አለችው። እሱ ደግሞ በሕይወቱ ቀስ ብሎ ያደረገው ነገር የለም። ፈራኝ። ስልኩን ዘግቶ እዚያው ሱቅ ውስጥ ጋሽ ሰይድን አማከራቸው። እሳቸውም ይህ በአንድ ሰው አይሆንም፣ በሽማግሌ ነው አሉ። የእድራችን ዳኛ አቶ ወርቁ ተጠሩ። አቶ ወርቁ ደግሞ ደም ብዛት አለባት፣ ሐኪም አጠገቧ ይኑር አሉ። ጎረቤታችን ሲስተር ጫልቱ ተጠራች። እሷ ነርስ ናት፤ ከወለጋ የመጣች፣ ጸሎት ቤት የማትቀር፣ እጇ ለስላሳ። ጫልቱ ሥራ ስለምትገባ፣ ጋሽ ሰይድም ሱቅ ስለሚከፍቱ፣ ሰኞ ማለዳ ይሁን ተባባሉ።

እነዚህ ሁሉ አዋቂ ሰዎች ናቸው። ከመሐላቸው «ቆይ ግን፣ ይህ ነገር ምን ይመስላል?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ከባድ ነገር ቀስ ብሎ መናገር ሲባል የሚያውቁት መንገድ አንድ ነው፤ በዚያው ሄዱ።

ሰኞ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ለብሶ፣ የተቀባ ጫማውን አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ከፈተ። ጋሽ ሰይድ ገቡ፤ ቆባቸውን አስተካክለው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ቀጥለው አቶ ወርቁ በጋቢያቸው ገቡ። አቶ ወርቁ በማለዳ የገቡበት ቤት፣ ደጃፉ ላይ ድንኳን ሳይተከል የዋለበት ቀን የለም። ከኋላቸው ሲስተር ጫልቱ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ገባችና ከእኔ ጎን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክንዴን ያዘችኝ። ባለቤቴ በብርጭቆ ውሃ አመጣልኝ። እሱ ለኔ ውሃ ሲያመጣ የመጀመሪያው ነው።

አቶ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሂሩት እናት፤ ልጅ የእግዚአብሔር አደራ ነው። የኛ ነው ብለን ብንይዘውም…»

ከዚህ በላይ አልሰማሁም። ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ፤ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም። ብርጭቆው ተደፋ፣ መለኪያው ወደቀ።

«ግድቡ ነው! ግድቡ ፈረሰ!» እላለሁ።

ጋሽ ሰይድ ወደ ባለቤቴ ዞረው «የምን ግድብ ነው?» አሉት።

እዚህ ላይ ውጭ የሆነውን ልንገራችሁ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ አየለ ይባላል። ሰው ሲሞትብን አየለን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሐዘን ነው። ያን ቀን ግን ሲያልፍ የእድሩ ዳኛ ከነጋቢያቸው ቤቴ ሲገቡ አይቶ ቆሟል። ጩኸቴን ሲሰማ ማንንም ሳይጠይቅ ሮጦ ጡሩምባውን አመጣና ሰፈሩን እየዞረ ነፋ። በሥራ ዘመኑ የፈጠነው ያን ዕለት ብቻ ነው።

እኛ ቤት ሦስቱም ባንድ አፍ ይጮሃሉ። አልሞተችም፣ ደኅና ናት፣ ሥራ አግኝታ ነው ይሉኛል። እኔ አላምንም፤ መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ታማለች ነው የሚለው፣ አውቀዋለሁ። በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አሉና «ትናንት በእኔ ስልክ አውርታለች። ጉንፋን ይዟታል፤ ሲያስነጥሳት ሰምቻለሁ፣ ወላሂ» አሉኝ።

ማስነጠሷ አሳመነኝ። ለሽንገላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይፈጥርም።

«ታዲያ ምን ሆና ነው እንዲህ የመጣችሁት?»

«እዚያው ልትቀር ነው» አሉ አቶ ወርቁ። «ሥራው እዚያ ነው። እንዳትደነግጪ ብለን ነው።»

ተነሥቼ እልል አልኩ። ነጠላዬን አሸንፍጬ፣ በባዶ እግሬ፣ ደጋግሜ እልል አልኩ። «ትቅር! እንኳንም ቀረች! ዕድሜ ልኳን ትቅር!» አልኩ። አቶ ወርቁ ቀስ ብለው ወደ ሁለቱ ዞሩና «ሰማችሁ አይደል?» አሏቸው። ጫልቱ ጌታ ይመስገን ብላ መለኪያዋን ከወለል አነሣች፤ ለካችኝና ያየችውን ሳትነግረኝ ፈታችው።

ውጭ ያሉት ጎረቤቶች ግን መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ እልልታ ነው የሰሙት። ሐዘኑ ራሷን አዞራት ተባለ። በሩን ስንከፍተው የእድሩ ጎረምሶች የድንኳኑን ምሰሶ እያቆሙ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጓሮ ንፍሮ ተጥዷል። አቶ ወርቁ ይህ ምንድን ነው ሲሉ ጎረምሶቹ «እርስዎ ሲገቡ አይተን ነው ጋሼ» አሉ።

አቶ ወርቁ አየለን አስጠርተው በል ዙርና አልሞተችም በል አሉት። አየለ ጡሩምባውን አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ይህ የሞት ነው። ለዳነ ሰው የሚነፋ የለኝም።»

«አንዱን ንፋና በአፍህ ተናገር!»

ሄደ። ነፋ። ሰው ግን ጡሩምባ እንጂ አፍ አይሰማም። ከዚያ ቤት ጡሩምባ ሁለተኛ ተነፋ ማለት ሁለተኛ ሰው ሞተ ማለት ነው። አባትየው የልጁን መርዶ ሲሰማ ደንግጦ ተከተላት የሚለው ወሬ ከአየለ ቀድሞ ጎሮ ገባ። ጎሮ ደግሞ የባለቤቴ እኅት እቴነሽ አለች።

እቴነሽ ደረቷን እየደቃች፣ ወንድሜ ጋሻዬ እያለች ከታክሲ ወረደች። ሰው ደግፎ ወደ ድንኳኑ አስገባት። ወንድሟ ጥግ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ ይቆረጥማል። ቆማ አየችው።

«ሞተህ አልነበረም እንዴ?» አለችው በቁጣ።

«አይ፣ አልሞትኩም» አላት፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ቆሞ።

«ከጎሮ እስከዚህ ሳለቅስልህ መጥቼ?»

ተቀመጠችና ልቅሶዋን ቀጠለች። አሁን ለማነው ሲሏት ተዉኝ፣ አንዴ ጀምሬዋለሁ አለች።

ድንኳን ክፉ ነገር ነው። አንዴ ከተተከለ ሰው ሳይቀመጥበት አይሄድም። ሁሉም ነገሩን ሰምተው፣ ስቀው፣ እንኳን ደስ አለሽ ብለውኝ ሲያበቁ እዚያው ቁጭ አሉ። የጋሽ ሰይድ ሚስት ዳቦ ይዘው መጡ። ከሳሊተ ምሕረት በኩል የመጡ ሴቶች እዝን ይዘው መጥተው ይዘውት መመለስ አፈሩ። ረፍዶ የሚደርሰው ሁሉ ከበሩ ጀምሮ እያለቀሰ ይገባል፤ አልሞተችም ሲሉት ግራ ተጋብቶ ጥቂት ያለቅስና ይቀመጣል። የኔ ልጅ ባትሞትም እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሟች አለው፤ ሜዳውን አገኙ።

መቀመጫ አነሰ። ጎረምሶቹ ቤት ገብተው ያገኙትን ሁሉ ያወጡ ጀመር። ወንበሩን አወጡ፣ ሳጥኑን አወጡ፤ ከዚያ አንዱ አልጋው ሥር ገብቶ ጣውላ አገኘሁ ብሎ ወጣ። ነጠላው ላዩ ላይ የለም። ሁለት ድንጋይ ላይ አጋደሙት። ጽሑፉ ወደ ላይ ነው።

እኔ ከመቀመጫዬ ሳልነሣ ቀድሞ ያነበበው ባለቤቴ ነው። የልጁን ስም አነበበ፣ የራሱን ስም አነበበ፣ ከሥር ያለውን አነበበ። ከዚያ እኔን አየኝ። ሌላ ሰው ሳይደርስ ፈጥኖ ሄደና ጽሑፉ ላይ ጋቢውን ዘርግቶ ተቀመጠበት። እኔም ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለታችን ጠበቃዋን ሸፍነናት ዋልን።

ሥራው ምንድን ነው አልኩት ቀስ ብዬ።

«የስደተኞችን ጉዳይ የሚያይ ቢሮ ነው።»

«እና እሷ ምን ታደርጋለች?»

«ሰዎች ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ ትከራከራለች።»

«በራሷ ጀመረቻ» አልኩት። ሊስቅ ነበር፤ ተወው። ለስንት ጊዜ ነው አልኩት።

«እሷ አልተናገረችም። አንቺ ነሽ ዕድሜ ልኳን ያልሽው። በሽማግሌ ፊት።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ትመጣለች ብዬ ኖራ አስቀብቼ የጠበቅኋት ልጅ አትመጣም። አትምጣ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ዳኛ፣ ሐኪምና ነጋዴ ባሉበት። ሞታለች ብለው አስደንግጠውኝ፣ አለች ሲሉኝ የጠየቁኝን ሁሉ ሰጠሁ። ሕግ የተማረችው እሷ፣ የተረታሁት እኔ፤ ችሎቱ ደግሞ የገዛ አልጋዬ ጫፍ።

እንባዬ መጣ። የሚገርማችሁ ድንኳኑ እፎይ አለ። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ለቅሶ ቤት ደንቡን የሚያውቅ ባለ ሐዘን ጠፍቶ ነበር። «ታልቅስ፣ ይውጣላት» አሉ። እቴነሽ ብቻ ጠጋ ብላ «ምነው፣ ልጅሽ አለች እኮ፤ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ለሞተ ይለቀሳል፣ ለመጣ እልል ይባላል። በሕይወት እያለ ላልመጣ ምን እንደሚደረግ የቀደሙት ሰዎች ደንብ አላበጁልንም። ድንጋጤው ነው አልኳት።

ድንኳኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሣ። ሳሚት በኩል እውነተኛ ሟች ነበረና ፈለጉት። ታፔላውን ባለቤቴ ራሱ ተሸክሞ ገባ፤ አልጋው ሥር ጽሑፉን ወደ መሬት አድርጎ አስገባው። ስለ እሱ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

እሁድ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ሳምንቱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰላስል ነበር። ያን ዕለት ያልኩት በድንጋጤ ነው፣ አይቆጠርም፤ ነይልኝ፤ ክፍሉ ተቀብቷል። ይኸው ነበር። ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ሰይድ አንሥተው ሰጡኝና ወደ ስኳራቸው ዞሩ።

«እማዬ፣ በመሐል ለጋሽ ሰይድ ብደውል ሰዎቹ ሁሉ ደንግጠው ነበር አሉኝ» አለች ሂሩት።

«ለቅሶሽ ደምቆ ነበር» አልኳት። «ከጎሮ ሁሉ መጥተዋል። ሰው አለሽ፣ አይዞሽ።»

ሳቀች። ስትስቅ ጉንፋኑ እንዳልለቀቃት አወቅሁ። ከዚያ ሳቋ ቀነሰ። መስመሩ ውስጥ የሆነ ነገር ይንሿሿል፤ ስልኩ ይሁን ባሕሩ አላውቅም።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ትቅር ያልሽው ሳይከፋሽ ነው?»

ጋሽ ሰይድ ስኳሩን መመዘን አቆሙ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከፈትኩና ልጄን አሰብኳት። ብቻዋን ናት፣ አሟታል፣ ከባሕር በታች ናት። እንዲህ ያለ ቃል ድንገት አይነገርም። ማለዳ ይፈልጋል፤ አንድ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሽማግሌ፣ አንድ ክንዷን የሚይዝላት፣ አንድ ውሃ የሚያቀርብላት ይፈልጋል።

«ሳይከፋኝ ነው» አልኳት።

እኔ ሆላንድ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚነግርልኝ ሰው የለኝም።